ሊማሊሞን በአንደኛ ማርሽ

ድሬዳዋ ላይ የመኪና ሸራ የሚሰፋ ሰው ሩቅ አገር አይሄድም፤ የሚሄደው ሸራው ነው። እኔ የሰፋኋቸው ሸራዎች ሞያሌ ደርሰዋል፣ መተማ ደርሰዋል፤ ጅቡቲማ ጎረቤት ናት። እኔ ግን ዕድሜዬ ሃምሳን እስኪነካ ድረስ ከአዲስ አበባ ወዲያ አላየሁም ነበር። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ጎንደርን አውቃለሁ ብዬ አይደለም። አንዲት አሮጌ መኪና ፍለጋ ስምንት ቀን ሄጄ ያየሁትን፣ በየቀኑ «እስቲ እንደገና ንገሪን» ለሚሉኝ የሰፈሬ ሰዎች አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው።

የጉዞው ባለቤት ታናሽ ወንድሜ ግርማ ነው። ግርማ መካኒክ ነው። ሌላው መካኒክ የሰው መኪና ሠርቶ ቤቱ ይገባል፤ የእኔ ወንድም ግን አንድ ዓይነት መኪና ይወዳል። ያችን የድሮዋን የጀርመን ኮምቢ፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነውን፣ ጣሪያዋ እንደ ሣጥን ክዳን ወደ ላይ ሲነሳ ከሥሩ በሸራ የተከለለ መኝታ የሚወጣውን። ልጆች ሆነን አንድ የፈረንጅ ቤተሰብ እንዲህ ባለች መኪና መጥቶ እዚያው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ሁለት ቀን ሲያድርባት አይተናል። እኔ ረሳሁት፤ እሱ አልረሳውም። ካደገ በኋላ ሁለት ጊዜ አገኘ፣ ሁለት ጊዜ ከሸፈበት። የሐረሯን ዝገት በልቷት ኖሮ ሲያነሷት ለሁለት ተከፈለች። የጭሮዋ ሞተር የሚባል ነገር አልነበራትም። ሰፈሩ «ቁራሌው» ብሎ ስም አወጣለት።

ከዚያ አንድ የሚያውቀው ሾፌር ከጎንደር የአንዲቷን ፎቶ ላከለት። ሸራዬን ዘርግቼ እየቆረጥሁ ሳለ መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«ሂሩት፣ ይቺ የመጨረሻዬ ናት። ይቺም ካልሆነች መፍቻዬን ሰቅዬ የሰው ሱቅ ውስጥ መለዋወጫ እሸጣለሁ። ጣሪያዋ አዲስ ሸራ ይፈልጋል። ነይ አብረን እንሂድ።»

ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ ሲለምነኝ የመጀመሪያው ነበር። እሺ አልሁ።

አንደኛ ቀን፣ ጎንደር

አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የእጅ ስፌት መኪናዬ ሁለት ጊዜ በመፈተሻው አለፈች። ፈታሿ ስክሪኗን አየች፣ እኔን አየች፣ «እናቴ፣ ጎንደር ልብስ ሰፊ ጠፍቶ ነው?» አለችኝ። የግርማን ሻንጣ ስትከፍት ደግሞ መፍቻ፣ ጉጠት፣ ክሪክ፣ የተጠቀለለ ሽቦ። «ከተማውን ልትጎበኙት ነው ወይስ ልትፈቱት?» ብላ ስቃ አሳለፈችን።

አዘዞ፣ የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ስንወርድ ፀሐይ ነበረች። ግርማ «አቦ፣ እንደኛው አገር ነው» ብሎ በነጠላ ጫማው ወጣ። ወደ ከተማው ስንወጣና ደመና ሲጋርደን ግን ጥርሱ መንገጫገጭ ጀመረ። ድሬዳዋ ላይ ሰው ጥላ ፍለጋ ነው የሚሄደው፤ ጎንደር ላይ ፀሐይ ፍለጋ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ይዛወራል። ፒያሳ ያሉት የጣሊያን ሕንፃዎች ግን የእኛን ከዚራ አስታወሱኝ።

ፎቶው ላይ ያለችው መኪና ከገበያው አጠገብ ነበረች። ባጃጁ ሲያወርደን ኋላዋ ወደ እኛ ዞሮ ነበር፤ ፎቶው ላይ እንደነበረው። ግርማ እየሮጠ ወደ ፊቷ ዞረ፤ ዞሮም ቆመ። ፊት የላትም። ከመካከል ተቆርጣ፣ በተቆረጠችበት በኩል የእንጨት መስኮት ተገጥሞላት፣ ማስቲካና የሞባይል ካርድ የሚሸጥባት ሱቅ ሆናለች።

ባለሱቋ ወደ አርባ የሚጠጋት ሴት ናት። «ምነው ዝም አላችሁ? ካርድ ነው?» አለች።

ግርማ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። እኔ ነገሩን ከነ አመጣጣችን ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ ወንድሜን አየችና ሳቋን ዋጠች። ዱካ አወጣችልን፤ ከጎረቤት ሻይ አስመጣችልን። ሻዩን ጠጥተን ሳንጨርስ ነው ያን ነገር የተናገረችው።

«ሙሉዋ እኮ አለች። አዲ አርቃይ፣ አያ ዋሴ ዘንድ። እኔም ያዲ አርቃይ ልጅ ነኝ። እናቴ በኔ ምጥ ሲጠናባት በዚያች ማኪና ነው ሊማሊሞን ወጥታ ደባርቅ ሐኪም ቤት የገባችው። ይችን ቁራጭ የገዛኋትም ያችን ብትመስለኝ ነው።»

ግርማ ቀና አለ። «ጣሪያዋስ? ይነሳል?»

«ድሮ ይነሳ ነበር። የሚያነሳው ብረት ተሰብሯል ሲሉ እሰማለሁ።» ከዚያ የራሷን ሱቅ ጣሪያ ወደ ላይ አየች። «እዚህ ላይ ያለው ያው ብረት አይደል? ለእኔ ጣሪያው ተነስቶ ምን ያደርግልኛል? ፍቱና ውሰዱት።»

ከማስቲካው ካርቶን በላይ ቆመን ሁለቱን ተጣጣፊ ብረቶች ፈታን። ዋጋ ስንጠይቃት ተቆጣች። ለአያ ዋሴ ሰላምታ እንድናደርስላት ብቻ አደራ አለች።

ሁለተኛ ቀን፣ ደባርቅ

ጠዋት መናኸሪያ ሄደን መንገዱ ሰላም መሆኑን ሾፌሮቹን ጠይቀን ተሳፈርን። ይህን ጥያቄ እዚያ ሁሉም ሰው ይጠይቃል፤ እኛ ዘንድ «ዛሬ ሙቀቱ እንዴት ነው» እንደምንለው።

ከአምባ ጊዮርጊስ ጀምሮ ያለው ሜዳ እስከ ሰማይ ጥግ ገብስ ነው። ነፋሱ በሚኒባሱ በር ስንጥቅ ገብቶ አጥንቴን አገኘው። እኔ አንድ ቀጭን ሻርፕ ብቻ ነው የያዝሁት። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት ገበሬ ሴት ለጥቂት ጊዜ ስንቀጠቀጥ አዩኝና ከራሳቸው ላይ ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱኝ።

«ቆለኛ ነሽ መሰል።»

«የድሬዳዋ ሰው ነኝ።»

«እንግዲያማ!» አሉ፤ በረዶ ላይ የወደቅሁ ይመስል። ዳባት ሲደርሱ ጋቢውን ልመልስ ብል እጄን ገፉት። «ደባርቅ የባሰ ነው። ስትመለሺ እዚያ ዳቦ ቤት ተይልኝ፤ ያውቁኛል።» ስማቸውን እንኳን ሳልጠይቅ ወረዱ። ድሬዳዋ ላይ እኛም እንግዳ እንወዳለን፤ ልብሳችንን ግን አንሰጥም። ለነገሩ ያለችን አንዲት ቀጭን ሸሚዝ ናት።

ደባርቅ ያደርንበት ቤት ውኃው ከቧንቧ ሲወርድ ጣት ያደነዝዛል። ባለቤቷ ሦስተኛ ብርድ ልብስ ሳንጠይቃት አመጣች። ለእራት ትኩስ ሽሮ በሸክላ ቀረበልን፤ ከመብላታችን በፊት እጃችንን በሸክላው አሞቅን።

ሦስተኛ ቀን፣ ሊማሊሞና አዲ አርቃይ

ስለ ሊማሊሞ መንገድ ብዙ ሰምቼ ነበር። ያልሰማሁት ሰው እንዴት ዝም እንደሚል ነው። ደባርቅን ጥቂት እንዳለፍን መሬቱ አለቀ። መንገዱ በገደሉ ፊት ላይ እየታጠፈ፣ እንደገና እየታጠፈ ይወርዳል፤ አውቶቡሱ ውስጥ ወሬ ቆመ። ሌላው ተሳፋሪ ገደሉን ሲያይ ግርማ ዳገቱን ነበር የሚያየው።

«በዚህ ነው ወደ ላይ የምትወጣው» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ካልሆነ በጭነት መኪና እናስጭናታለን» አልሁት። ሁለታችንም ያኔ እንዲህ ነበር ያሰብነው።

ድብ ባሕርን፣ ዛሪማን አልፈን አዲ አርቃይ ስንገባ ሙቀቱ እንደ ወገኔ ተቀበለኝ። ጋቢውን አወለቅሁ። ሰው በጥላ ሥር ተቀምጧል፤ የማሽላ አገዳ በየጓሮው ተከምሯል፤ ልክ የሐረርጌን ገጠር ይመስላል። ሦስት ቀን ሙሉ እንግዳ ሆኜ ከርሜ እዚያ ግን ቤቴ የገባሁ መሰለኝ።

አያ ዋሴ ከሰባ ያለፉ፣ ቀጥ ያሉ፣ ትንሽ ጆሯቸው የከበደ ሰው ናቸው። ግርማ እንደ አገራችን «አባባ» ሲላቸው አልወደዱትም። ባለቤታቸው እመት እታገኝ «አያ ነው የሚባል እኛ ዘንድ» ብለው አረሙት። የጎንደሯን ባለሱቅ ሰላምታ ስናደርስ ፊታቸው ተፈታ። የእናቷን ምጥ፣ የትኛው መታጠፊያ ላይ ዝናብ እንደያዛቸው ሁሉ ያስታውሳሉ። መኪናዋን በጎልማሳነታቸው ነው የገዟት፤ አገራቸው ከሚመለሱ አንድ ፈረንጅ ባልና ሚስት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት በአካባቢው ሌላ መኪና በማይገኝበት ሰዓት ምጥ የያዛትንና የታመመውን ሁሉ ወደ ደባርቅ የሚያወጡት እሳቸው ነበሩ።

ወደ ጓሮ ወሰዱን። የአገዳ ክምር እንጂ መኪና አልታየኝም። አያ ዋሴ አገዳውን በክንዳቸው ማንሳት ጀመሩ፤ ግርማ አገዛቸው፤ እኔም ገባሁበት። መጀመሪያ ክብ መብራት ታየ። ቀጥሎ ነጭና ሰማያዊ ላሜራ። ሙሉ ናት። ዝገት አላት፤ ግን ወለሏ ሙሉ፣ ፊቷ ሙሉ፣ ሞተሯ በቦታው። ጎማ የላትም፤ በድንጋይ ላይ ተቀምጣለች።

«ጦርነቱ ሲመጣ» አሉ አያ ዋሴ፣ «ማንም ነድቶ እንዳይወስዳት ጎማዋንም ወንበሯንም ፈትቼ ለየሰዉ አደራ በተንሁ። አካሏን በአገዳ ሸፈንሁት። በየወሩ መባቻ ግን እየገባሁ በካንዴላዎቹ ቀዳዳ ዘይት ጠብ አድርጌ ሞተሯን በእጄ አዞራለሁ። አልነቀዘችም። ያቆማት ቤንዚን የምትስበው ፓምፕ ናት፤ ላስቲኳ ተቀደደ፣ ምትክ አጣሁ።»

ግርማ ሻንጣውን ከፍቶ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። አዲስ የቤንዚን ፓምፕ ነው። ከጭሮዋ መኪና ጊዜ ጀምሮ ይዞት ሲዞር ኖሯል።

ዋጋው በሁለት ቃል አለቀ። ከዚያ አያ ዋሴ አንድ ነገር ጨመሩ፤ «ተጭና አትወጣም። ሊማሊሞን በገዛ እግሯ እየወጣች ነው ስንት ነፍስ ያተረፈች። በገዛ እግሯ ከወጣች የናንተ ናት። ካልወጣች መልሳችሁ እዚሁ ታቆሟታላችሁ፤ ገንዘባችሁንም ትወስዳላችሁ።»

ግርማን አየሁት። ፊቱ ነጣ፤ ግን «እሺ አያ» አለ።

አራተኛ፣ አምስተኛና ስድስተኛ ቀን፣ አዲ አርቃይ

እነዚህን ሦስት ቀኖች አንድ ላይ የምጽፋቸው በልቤም አንድ ላይ ስለተደባለቁ ነው። ያደርነው እነ አያ ዋሴ ቤት ነው። የምንበላው የማሽላ እንጀራ ነበር፤ ለግርማና ለእኔ የልጅነት ምግባችን። እመት እታገኝ ማር በሰሃን እያመጡ «ብሉ እንጂ፣ ምነው ፈራችሁት» ይሉናል።

ሦስቱ ጎማዎችና ሌሎቹ ወንበሮች ከጎረቤት በቀላሉ ተመለሱ። የሾፌሩ ወንበር ግን ፀጉር አስተካካይ ቤት ተገኘ። ስንደርስ አንድ ሰው ግማሽ ጭንቅላቱ ተላጭቶ ተቀምጦበታል። ፀጉር አስተካካዩ የመጣንበትን ሲሰማ ደንበኛውን ብብቱን ይዞ አስነሳውና ሌላውን ግማሽ አቁሞ ጨረሰለት። ሰውየው ከነሳሙናው ወንበሩን ተሸክሞ አብሮን መጣ።

የአራተኛው ጎማ ላስቲኩ ጠፍቶ ብረቱ፣ ቸርኬው ብቻ ነበር የቀረው፤ እሱም ትምህርት ቤቱ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ደውል ሆኗል። ርዕሰ መምህሩ ትሁት ሰው ናቸው፤ ቢሆንም «ደውሌን ከወሰዳችሁ በምን ላስገባቸው?» አሉ። እኛም ተቸገርን። ችግሩን የፈታው ዳገቱ ነው።

ዳገቱ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፣ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ ወፍራም ሳቂታ ሰው። ስሙ የወጣለት በምክንያት ነው፤ እናቱ ደባርቅ ሳትደርስ ሊማሊሞ ዳገት ላይ፣ በዚችው መኪና ውስጥ ተገላገለችው። ወሬውን ሰምቶ ሊያየን ሲመጣ ከራሱ መኪና አሮጌ ቸርኬ አምጥቶ ለትምህርት ቤቱ ሰጠ፤ ለእኛም ያገለገለ ጎማና ባትሪ ፈለገልን። ርዕሰ መምህሩ በድንጋይ መታ ሲያደርጉት ድምፁ ከተማውን አልፎ ሄደ። «ይሄስ ከፊተኛው ይሻላል፤ ከእንግዲህ አልሰማሁም የሚል የለም» ብለው ተደሰቱ።

የዳገቱ መኪና በር ላይ ቆማ ነበር። ሥራ አይለቅምና ዓይኔ ሸራዋ ላይ አረፈ። ጥጉን ገልጬ አየሁት፤ ድርብ ስፌት፣ መጨረሻው ላይ ሦስት ጊዜ የተመለሰ ክር። እንዲህ የምጨርሰው እኔ ብቻ ነኝ።

«ይሄን የት አሰፋኸው?»

«ድሬዳዋ፣ ከጅቡቲ ስመለስ። ምነው?»

«እኔ ነኝ የሰፋሁት።»

ዳገቱ ሸራውንም እኔንም ተራ በተራ አየ። ከዚያ መላው ሰፈር እንዲሰማ ጮኸ፤ «ኑ! ባለሸራዋ መጣች!» ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እኔ የግርማ እህት መሆኔ ቀርቶ ግርማ የእኔ ወንድም ሆነ።

ግርማ ፓምፑን ሲገጥም፣ ፍሬኑን ሲፈታና ሲያጥብ፣ የጎንደሯ ሴት የሰጠችንን ብረቶች ጣሪያው ላይ ሲያስር፣ እኔ ከድሬዳዋ ያመጣሁትን ሸራ ያዝሁ። የጥንቱ ሸራ በስብሶ ሲነኩት ይበናል። ቁርጥራጩን መሬት ላይ ገጣጥሜ ልኩን ወሰድሁ። የእጅ ስፌት መኪናዬ ግን አራት እጥፍ ላይ መርፌዋን ሰበረች። ሁለተኛውንም ሰበረች። ትርፍ መርፌ አልነበረኝም፤ ተቀምጬ አፈርሁ። እመት እታገኝ ስፌታቸውን የሚሰፉበትን ወስፌ አመጡልኝ፤ ከቀፏቸው የወጣ ሰምም ቆረሱልኝ። ክሩን በሰሙ እየፈተግሁ፣ በወስፌው እየበሳሁ፣ ሙሉ ዙሪያውን በእጄ ጨረስሁት። እመት እታገኝ ሌላውን ጫፍ ይዘው እየወጠሩልኝ፣ ስፌቴን አንድ በአንድ አዩት። «ሸጋ ነው» አሉ በመጨረሻ። በሙያዬ እንደዚያ የኮራሁበት ጊዜ የለም።

በስድስተኛው ቀን ከሰዓት ግርማ ቁልፉን አዞረ። ምንም። እንደገና አዞረ፤ አንድ ጊዜ አስነጠሰች። ሦስተኛው ላይ ጥቁር ጭስ ተፍታ ጓሮውን በጩኸት ሞላችው። ዶሮዎቹ ጠፉ። ጎረቤቱ አጥሩን ሞላው፤ እልልታው ከሞተሩ በለጠ። አያ ዋሴ ጆሯቸው ከባድ ስለሆነ እጃቸውን የሞተሩ ክዳን ላይ አድርገው በመዳፋቸው ሰሟት።

ሰባተኛ ቀን፣ ሊማሊሞ

ከቅዳሴ በኋላ ተነሳን። ግርማ መሪውን ያዘ፣ አያ ዋሴ ከጎኑ ተቀመጡ። እኔ ከኋላ ልገባ ስል እመት እታገኝ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ስንቅ በአገልግል ይዘው ቀድመውኝ ገብተዋል። ማንም አልጠራቸውም፤ ማንም አልጠየቃቸውም። ዳገቱ በጭነት መኪናው፣ ገመድ ይዞ፣ ከኋላችን ተከተለ።

እስከ ድብ ባሕር ድረስ ሸጋ ሄደች። አቀበቱ ሲጀምር ግርማ ወደ አንደኛ ማርሽ አወረዳት፤ ሰው በእግሩ ሊቀድማት በሚችል ፍጥነት መውጣት ጀመርን። ጥቂት መታጠፊያዎች እንዳለፍን ሞተሩ ጠፋ። በሙቀቱ ቤንዚኑ ፓምፑ ውስጥ እየተነነ ነው አለ ግርማ። ከታች ውኃ ቀድተው በአህያ የሚመለሱ ሴቶች ምን እንደሆንን ጠየቁ። ውኃ የት ያህል እንደሚያመጡ አይቻለሁና መጠየቅ አፈርሁ። እነሱ ግን መኪናዋን አወቋት። «ያያ ዋሴ ማኪና አይደለችም እንዴ!» ብለው ሙሉ ጄሪካን አወረዱ። ቀጭን ሻርፔን ነክሬ ፓምፑ ላይ ጠመጠምሁ። ተነሳች።

እየወጣን፣ እያረጠብን፣ እየወጣን፣ ከግማሽ በላይ አለፍን። ከዚያ ከወለሏ ሥር እንደ ጅራፍ ያለ ድምፅ መጣ፤ የግርማ ግራ እግር ከነፔዳሉ ወለል ነካ። የፍሪሲዮኑ ካቦ ተበጥሷል፤ ማርሽ ለማስገባትና ለመነሳት ፔዳሉን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ሽቦ። መኪናዋ ተንጫጭታ ቆመች። ትርፍ ካቦ የለንም።

ዳገቱ ገመዱን ይዞ ወረደ። «እንጎትታት፤ የሚያይ የለም» አለ ቀስ ብሎ።

ግርማ መንገዱ ዳር ቆመ። ከታች ገደሉ፣ ከላይ ገደሉ። እጁ በቅባት ጠቁሯል። «የለም» አለ። «ለአያ ቃል ሰጥቻለሁ። ካልሆነ ትመለሳለች።» ድምፁ ሲሰበር ሰማሁት። ልጅ ሆኖም እንዲህ ሲሆን አላየሁትም።

አያ ዋሴ ያን ጊዜ ወረዱ። ካቦውን ጎንበስ ብለው አዩና ተነሱ።

«ይሄማ የዳገቱ እናት ጊዜም ተበጥሷል።»

ሁላችንም ዞርን።

«ወደ ኋላ ልቀቃትና መታጠፊያው ላይ፣ ሜዳው ላይ አሳርፋት። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ አንደኛ ማርሽ አስገባ። ከዚያ በቁልፉ ብቻ አስነሳት፤ እየዘለለች ትነሳለች። ከተነሳች ወዲያ ግን ማቆም የለም፤ ደባርቅ ድረስ።»

ግርማ የሾፌሩን በር ከፈተላቸው። «አያ፣ አንቱ ያውቁታል። አንቱ ይንዷት።»

አያ ዋሴ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ገብተው መሪውን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ጀርባቸው የበለጠ ቀጥ አለ። ወደ ኋላ ለቀቋት፣ መታጠፊያው ላይ አሳረፏት፣ ማርሽ አስገቡ፣ ቁልፉን አዞሩ። መኪናዋ እንደ ፈረስ ሁለት ጊዜ ዘለለች። እኔና እመት እታገኝ ተጋጨን። ሦስተኛው ዝላይ ላይ ሞተሩ ያዘ፤ ሄድን!

ዳገቱ ነገሩ ገብቶት ገመዱን ወርውሮ ወደ መኪናው ሮጠ፤ ቀደመን። ከዚያ በኋላ ከፊታችን እየሄደ ጥሩምባውን ሳያቋርጥ ነፋው። ከላይ የሚመጣው አውቶቡስ ጥጉን ያዘ። በሬ የሚነዱ ሰዎች በሬዎቻቸውን ወደ መንገዱ ዳር አስጠጉ። አንድ የመንገድ ሠራተኛ አካፋውን ጥሎ ባርኔጣውን አወለቀ። አያ ዋሴ በየመታጠፊያው ለራሳቸው እየነገሩ ይዞራሉ፤ «እዚህ ሰፊውን ያዝ። እዚህ ድንጋይ አለ። እዚህ ዳገቱ ተወለደ።» ግርማ ከኋላ ወንበር ላይ ተንበርክኮ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣል፤ በውስጠኛው የሞተር ክዳን በኩል ሻርፔን ያረጥባል፤ እኔና እመት እታገኝ ጣሪያውን በእጃችን ይዘነዋል፤ እንደዚያ ብናደርግ የምትቀልል ይመስል።

የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ነፋሱ በድንገት ቀዘቀዘ። መሬቱ ተስተካከለ። የደባርቅ ባሕር ዛፎች ታዩ። አያ ዋሴ ከተማው መሐል ገብተው ቁልፉን አጠፉ፤ መኪናዋ አንዴ ዘልላ ቆመች።

«በገዛ እግሯ» አሉ፤ ቁልፉን ነቅለው ለግርማ ሰጡት።

ወንድሜ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ቁልፉን ተቀበለ፤ ከዚያ ጎንብሶ የአያ ዋሴን ጉልበት ሳመ። ዳገቱ አሁንም ጥሩምባውን ይነፋ ነበር።

ስምንተኛ ቀን፣ ከደባርቅ እስከ ጎንደር

ያን ሌሊት ጣሪያውን አንስተን እኔና እመት እታገኝ ላይ ተኛን። ድሬዳዋ ላይ ደጅ የምንተኛው ሙቀት ሸሽተን ነው፤ እዚያ ግን ጠዋት ስነቃ ሸራው ከውጭ በውርጭ ነጭ ሆኗል። ከውስጥ በመዳፌ ዳበስሁት። ደረቅ ነው። አንዲት ጠብታ አላስገባም። ጮክ ብዬ ሳቅሁ።

የደባርቅ መካኒክ ሁለት የባጃጅ ካቦ አንድ ላይ ገምዶ አሰረልን። አያ ዋሴና ባለቤታቸው ከዚያ ሊመለሱ ነበር፤ ግርማ ግን ጎንደር ሳይደርሱ አልለይም አላቸው። ዳባት ላይ ጋቢውን ዳቦ ቤቱ ስናደርስ ባለቤቱ ትኩስ ዳቦ በመስኮት ሰጠን።

ያን የገብስ ሜዳ፣ ወገራን ስናቋርጥ እመት እታገኝ ከጎኔ ሆነው በመስኮቱ ገብሱን ያያሉ።

«በዚች መኪና ስንት ጊዜ ወደ ጎንደር መጥተዋል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ትላንት ነው ያየኋት ውስጧን» አሉ። ቀልድ መሰለኝ። «ሕግ አውጥቶ ነበር። ጤነኛ ሰው አይሳፈርባትም ይላል። እኔ ደግሞ ጤነኛ ነኝ። አራት ልጅ ወልጃለሁ፤ አራቱንም ስወልድ እሱ የሰው ሚስት ይዞ ሊማሊሞ ላይ ነበር።» ይህን ሲሉ አልተቆጡም፤ የዝናብ ወሬ እንደሚያወሩ ነው ያወሩት።

ከፊት ወንበር ላይ ያሉት አያ ዋሴ የማይሰሙ መስሎኝ ነበር። ትንሽ እንደሄድን ግን የግርማን ክንድ ነካ አደረጉ፤ «አቁም።» ወርደው ወደ እኛ መጡና ተንሸራታቹን በር ከፈቱ።

«ውጪ» አሏቸው። «ከፊት ነው የምትቀመጪው።»

እመት እታገኝ ነጠላቸውን አስተካክለው ወረዱ። አያ ዋሴ እኔ አጠገብ ተቀመጡ።

ጎንደር የገባነው ከሰዓት፣ ፀሐይዋ ደመናውን ገልጣ ስትወጣ ነበር። ግርማ መስኮቶቹን ሁሉ ከፈተ። እመት እታገኝ ክንዳቸውን መስኮቱ ላይ አሳርፈው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ በፒያሳ አለፍን። ሰው ይቆማል፣ ያያል፣ ይጠቁማል። አደባባዩን ዞረን ወደ ማረፊያችን ልንታጠፍ ስንል እመት እታገኝ የግርማን እጅ መሪው ላይ ያዙት።

«አንዴ ደግሞ አዙረኝ።»

ዞርን። ሁለተኛ ዞርን። ሦስተኛው ላይ ትራፊክ ፖሊሱ እጁን አንስቶ አስቆመንና ወደ መስኮቱ መጣ።

«ወዴት ነው የምትሄዱት እናንተ?»

ከግርማ ቀድመው እመት እታገኝ ወደ ውጭ ጎንበስ አሉ።

«የትም አንሄድ ልጄ። እኔ ነኝ የምዞረው።»

ፖሊሱ እሳቸውን አየ፣ ከኋላ ያሉትን አያ ዋሴን አየ፣ ሰማያዊና ነጭ ላሜራዋን አየ። ከዚያ ወደ መሐል ተመልሶ የሌሎቹን መንገዶች መኪና ሁሉ በእጁ አስቆመና ለአራተኛው ዙር አሳለፈን።